የታንጉትን ገንፎ ያስቀረው «የለም»

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» በሉኝ። አላችሁ? ደግ። ዛሬ ግን በበረቱ ውስጥ ላም የለችም፤ ሱቅ ነው ያለው። ሱቁ ውስጥ ደግሞ ምንም የለም። ለምን የለም? ቀስ በሉ፣ እነግራችኋለሁ።

ዋንዛ በር በምትባል ትንሽ ከተማ ጓንጉል የሚባል ባለሱቅ ነበር። ምስማር ይሸጣል፣ ገመድ ይሸጣል፣ የቧንቧ ጎማ ይሸጣል፣ ማጠፊያና ቁልፍ ይሸጣል። ሰው መጥቶ «ጓንጉል፣ ምን አለህ?» ሲለው፣ ደረቱን ነፍቶ «ምን የሌለ አለ!» ይላል። በዓመት አንድ ቀን ግን ይህ ሁሉ ኩራት ድራሹ ይጠፋል። ያ ቀን ግብር ገማቾች የሚመጡበት ቀን ነው። ገማቾቹ በየሱቁ እየገቡ መደርደሪያውን ያያሉ፣ «ይህ ሰው ይህን ያህል ይሸጣል» ይላሉ፣ በዚያው ልክ ግብር ይጥላሉ። ስለዚህ ጓንጉል በዚያ ቀን ዕቃውን ጆንያ ውስጥ ከትቶ ይደብቃል፣ የተቀደደ ኮት ይለብሳል፣ ባዶ መደርደሪያ ሥር አገጩን ይዞ ይቀመጣል። «ምን አለህ?» ሲሉት «የለም» ይላል። ሲለው ደግሞ እንዴት ያምርበታል! ገማቾቹ አዝነውለት ይወጣሉ።

ለነገሩ ጓንጉል ክፉ ሰው አልነበረም። ለለቅሶ ይደርሳል፣ ለሰርግ ያዋጣል፣ የተቸገረ ካየ እጁ አይታጠፍም። ግብር ሲባል ግን ፊቱ ይጠቁራል። «ማዘጋጃ ቤት የገባ ብርና ጅብ ጉድጓድ የገባ ፍየል ተመልሶ አይወጣም» ነው የሚለው። ይህን እየሰማ ጨው ሻጩም መደበቅ ለመደ፣ ጨርቅ ሻጩም ለመደ፣ ሰሃን ሻጯም ለመደች። ገማቾች ሊመጡ ሲሉ ገበያው ሁሉ ጓንጉልን ያማክራል፤ እሱም ያለ ክፍያ ያስተምራል።

ዘንድሮ መደበቂያው ከሁሉም ዓመት በለጠ። ሚስቱ ታንጉት፣ ከስንት ዓመት ስለት በኋላ፣ ለመውለድ ደርሳ ነበር። ጓንጉል ጆንያውን እየጎተተ ከአልጋዋ ሥር ከተተና፣ «አራስ ቤት ገብቶ አልጋ ሥር የሚፈትሽ ገማች እስቲ ይምጣ፣ ልየው!» አለ። በብልጠቱ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ባዶ ሱቁ ሄዶ አገጩን ይዞ ተቀመጠ።

ጠዋት የመጣውን ገዢም ገማቾቹንም «የለም» ብሎ እንደሸኘ እልልታ ሰማ። ከቤቱ ነው! የተቀደደ ኮቱን እያውለበለበ ሮጠ። በሩ ላይ አዋላጇ እማማ ውድነሽ መቃኑን ይዘው ቆመዋል። እማማ ውድነሽ ጆሯቸው ከበድ ይላል፤ ክንዳቸው ግን ብረት ነው።

«እማማ፣ ሰላም ናት?»

«ምን?»

«ታንጉት! ሰላም ናት ወይ?»

«ሰላም ናት፣ ማርያም ማረቻት። ሴት ልጅ ታቅፋለች። ግን ከትናንት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። ገንፎ እንዳናገነፋላት የቤቱ ውሃ በእጥበቱ አለቀ። ሂድ፣ ውሃ አምጣ።»

«አንዴ ልያቸውና ልሂድ?»

«ገንፎ ሳይቀመስ ወንድ አራስ ቤት ይገባል? ይህን ወግ ከየት አመጣኸው! ሂድ አልኩህ!»

ከውስጥ የታንጉት ድምፅ ቅጥን ብሎ መጣ። «ጓንጉልዬ፣ ፍጠንልኝ። ራበኝ።»

ስንት ዓመት የለመናት ልጅ ከግድግዳው ወዲያ አለች፣ ሚስቱ ከግድግዳው ወዲያ ተርባለች፣ በመካከላቸው የጎደለው አንድ ጄሪካን ውሃ ነው። ጓንጉል ሌላ ምንም አልፈለገም። ውጭ ምድጃው ላይ የተጣደው ድስት እንኳ አፉን ከፍቶ፣ «ውሃ ካልመጣ አልንተከተክም» አለው።

ጓንጉል ቢጫ ጄሪካኑን አንጠልጥሎ ወደ ቦኖው ሮጠ።

«ቦኖ፣ ቦኖ፣ ውሃ አውርድ! ድስቱ አልንተከተክም አለ፣ ታንጉትም ተራበች።»

ቦኖው አንገቱን እንደደፋ፣ «እኔን ምን ታደርገኛለህ? ይኸው የከተማው ጄሪካን ሁሉ ተሰልፎ ያፈጥብኛል። ቧንቧው ካላሳለፈልኝ ውሃ አላወርድም» አለ።

ጓንጉል ዳገቱን ወጣ። ቧንቧው መገጣጠሚያው ላይ ላልቶ ውሃውን ሜዳ ላይ ይረጨዋል። አንዲት አህያ ተደላድላ ትጠጣለች።

«ቧንቧ፣ ቧንቧ፣ ውሃ አሳልፍ! ቦኖው ውሃ አላወርድም አለ፣ ድስቱ አልንተከተክም አለ፣ ታንጉትም ተራበች።»

«ማሳለፍ ጠልቼ መሰለህ? መገጣጠሚያዬ እኮ ላልቷል። መፍቻው ካላጠበቀኝ ውሃ አላሳልፍም» አለ ቧንቧው።

«ታዲያ እዚያው ከሚፈሰው አይቀዳም ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ቀድቷል እንጂ! የቀዳው ጭቃ ነው። ደፋውና ሄደ።

የከተማው ቧንቧ ጠጋኝ ባሻ ይመኑ፣ መፍቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

«መፍቻ፣ መፍቻ፣ ቧንቧ አጥብቅ! ቧንቧው ውሃ አላሳልፍም አለ፣ ቦኖው ውሃ አላወርድም አለ፣ ድስቱ አልንተከተክም አለ፣ ታንጉትም ተራበች።»

መፍቻው ከጉልበታቸው ላይ ቀና አለ። «ብረት በብረት ላይ ቢጠብቅ ያፈስሳል። መሃሉ ጎማ ይፈልጋል። ጎማ ካልተገዛ ቧንቧ አላጠብቅም።»

ባሻ ይመኑም ጨመሩበት። «ጎማ ፍለጋ ጠዋት አንተው ሱቅ መጥቼ አልነበር? የለም አልከኝ እኮ።»

ጓንጉል አለኝ ቢል ባሻ ይመኑ ለገበያው ይነግራሉ፣ ገበያው ለገማቾቹ ይነግራል። «እህ… ማዘጋጃ ቤቱ ከሌላ አገር ገዝቶ ያስመጣ እንጂ!» ብሎ ሹልክ አለ። እዩት እንግዲህ! መድኃኒቱን አልጋ ሥር ደብቆ ሐኪም ፍለጋ ይዞራል።

ማዘጋጃ ቤት ገባ። የብረቱ ሣጥን ጥግ ላይ ተቀምጧል።

«ሣጥን፣ ሣጥን፣ ጎማ ግዛ! መፍቻው ቧንቧ አላጠብቅም አለ፣ ቧንቧው ውሃ አላሳልፍም አለ፣ ቦኖው ውሃ አላወርድም አለ፣ ድስቱ አልንተከተክም አለ፣ ታንጉትም ተራበች።»

ሣጥኑ ክዳኑን ሲጢጥ አድርጎ ከፈተ። «ና፣ እየኝ። ከአንዲት ጉንዳን በቀር ምን ታያለህ? እሷም መንገድ ጠፍቷት ነው። ግብር ሰብሳቢዋ ካልሞላችኝ ጎማ አልገዛም።»

«እኔማ ሆድህ የሞላ ይመስለኝ ነበር» አለ ጓንጉል።

«ማን ሞላው?» አለ ሣጥኑ።

ጓንጉል ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ ወጣ። ግብር ሰብሳቢዋን ወይዘሪት ፈትለወርቅን ገበያ መሃል አገኛት። ከገማቾቹ ጋር ከሱቅ ሱቅ ስትዞር ፀሐይ በልቷታል።

«ወይዘሪት፣ ወይዘሪት፣ ሣጥኑን ይሙሉ! ሣጥኑ ጎማ አልገዛም አለ፣ መፍቻው ቧንቧ አላጠብቅም አለ፣ ቧንቧው ውሃ አላሳልፍም አለ፣ ቦኖው ውሃ አላወርድም አለ፣ ድስቱ አልንተከተክም አለ፣ ታንጉትም ተራበች።»

«ጋሼ ጓንጉል፣ በምን ልሙላው? ጨው ቤት ገባሁ፣ የለም አሉኝ። ጨርቅ ቤት ገባሁ፣ የለም አሉኝ። ሰሃን ሻጯማ የምበላበትም የለኝ ብላ አለቀሰችብኝ። የእርስዎን መደርደሪያ ሳይ ደግሞ እኔው እንባዬ መጣ። በሸረሪት ድር ላይ ግብር ይጣላል? መደርደሪያው ዕቃ ካላሳየኝ ሣጥን አልሞላም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ጓንጉል በልቡ ይጨፍር ነበር። ያስተማረው ትምህርት ከአንድ ሱቅ ሳይቀር ሰምሯል! ዛሬ ግን ወደ ሱቁ ሮጠ።

«መደርደሪያ፣ መደርደሪያ፣ ዕቃ አሳይ! ሰብሳቢዋ ሣጥን አልሞላም አለች፣ ሣጥኑ ጎማ አልገዛም አለ፣ መፍቻው ቧንቧ አላጠብቅም አለ፣ ቧንቧው ውሃ አላሳልፍም አለ፣ ቦኖው ውሃ አላወርድም አለ፣ ድስቱ አልንተከተክም አለ፣ ታንጉትም ተራበች።»

መደርደሪያው ተንቋቋ። «ምን አሳይ ትለኛለህ? አቧራዬን? አንተው አራግፈኸኝ አንተው ትጮህብኛለህ! ጆንያው ካልወጣ ዕቃ አላሳይም።»

ጓንጉል ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሰው እንዳያየው በጓሮ ዞረና፣ አልጋው ባለበት በኩል የጭቃውን ግድግዳ ስንጥቅ ፈልጎ አፉን ለጠፈ። ከዚያ በሹክሹክታ፦

«ጆንያ፣ ጆንያ፣ ቀስ ብለህ ውጣ። መደርደሪያው ዕቃ አላሳይም አለ፣ ሰብሳቢዋ ሣጥን አልሞላም አለች፣ ሣጥኑ ጎማ አልገዛም አለ፣ መፍቻው ቧንቧ አላጠብቅም አለ፣ ቧንቧው ውሃ አላሳልፍም አለ፣ ቦኖው ውሃ አላወርድም አለ፣ ድስቱ አልንተከተክም አለ፣ ታንጉትም ተራበች።»

«ትንፍሽ እንዳትል ብለህ የከተትከኝ አንተ አይደለህ?» አለ ጆንያው። «ደግሞስ በየት ልውጣ? በሩ ካልተከፈተ ከአልጋ ሥር አልወጣም።»

ጓንጉል ተንደርድሮ በፊት ለፊት ዞረ።

«በር፣ በር፣ ተከፈት! ጆንያው ከአልጋ ሥር አልወጣም አለ፣ መደርደሪያው ዕቃ አላሳይም አለ፣ ሰብሳቢዋ ሣጥን አልሞላም አለች፣ ሣጥኑ ጎማ አልገዛም አለ፣ መፍቻው ቧንቧ አላጠብቅም አለ፣ ቧንቧው ውሃ አላሳልፍም አለ፣ ቦኖው ውሃ አላወርድም አለ፣ ድስቱ አልንተከተክም አለ፣ ታንጉትም ተራበች!»

በሩ ንቅንቅ አላለም። «እማማ ውድነሽ ምን አሉህ? ገንፎ ሳይቀመስ ለወንድ አልከፈትም።»

እንግዲህ ፍረዱ! ያለ ውሃ ገንፎ የለም። ያለ ጎማ ውሃ የለም። በሩ ካልተከፈተ ጎማ የለም። ያለ ገንፎ በሩ አይከፈትም። ጓንጉል የከተማውን ግማሽ ዞሮ ዞሮ ራሱ የቋጠረው ቋጠሮ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ባዶ ጄሪካኑን ገልብጦ ተቀመጠበት።

በዚህ መሃል እልልታውን የሰማ ሰው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ሊል ይመጣ ጀመር። ባሻ ይመኑ መፍቻቸውን ይዘው መጡ። ጨው ሻጩ መጣ፣ ጨርቅ ሻጩ መጣ፣ ሰሃን ሻጯ መጣች። ወይዘሪት ፈትለወርቅም ከገማቾቹ ጋር መጣች፤ የደስታ ቤት አይታለፍማ። ግቢው ሞላ። ጓንጉል አንገቱን ኮቱ ውስጥ ቀበረ።

ያኔ ከውስጥ ሕፃኗ አለቀሰች። ተከትሎም የታንጉት ድምፅ ከቅድሙ ይልቅ ቀጥኖ መጣ።

«ጓንጉልዬ፣ ውሃ አገኘህ?»

ጓንጉል ሊመልስ አፉን ከፈተ። ምላሱ ላይ ተዘጋጅታ የቆመችው ቃል አንዲት ብቻ ናት፤ «የለም»። ጠዋት ለባሻ ይመኑ ብሏታል። ለገማቾቹ ብሏታል። በየዓመቱ ብሏት ብሏት ምላሱ ላይ ጎጆ ሠርታለች። አሁን ደግሞ ለታንጉት ሊላት ነው። አላላትም። በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

ተነሣና ወደ እማማ ውድነሽ ጆሮ ጠጋ አለ። «እማማ፣ አልጋዋ ሥር አንድ ጆንያ አለ…» ብሎ በቀስታ ጀመረ።

«ምን?»

«ጆንያ… ጎማ…»

«ጮክ በል እንጂ! ምን አለህ?»

ጓንጉል ዞሮ አየ። ገማቾቹ እዚያው ናቸው። ገበያው እዚያው ነው። ዓይኑን ጨፈነ፣ ደረቱን ነፋ፣ ከዚያ የከተማው ውሻ ሁሉ እስኪጮህ ድረስ ጮኸ፦

«አለኝ! ጎማ አለኝ! ምስማር አለኝ! ገመድ አለኝ! ማጠፊያ አለኝ፣ ቁልፍ አለኝ! ጆንያ ሙሉ አለኝ፣ አልጋዋ ሥር ነው! ጎትተው ያውጡልኝ!»

ገማቾቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ከውስጥ የታንጉት ሳቅ ተሰማ።

«ጠዋት ሙሉ ወገቤን የወጋኝ ምስማር ነው እንዴ! እኔ እኮ ምጥ መስሎኝ!»

ሴቶቹ ሳቁ፣ ግቢው ሳቀ። እማማ ውድነሽ ገብተው በብረት ክንዳቸው ጆንያውን ጎተቱና ደጃፉ ላይ ዘረጉት። ወይዘሪት ፈትለወርቅ ግን አልሳቀችም።

«ጋሼ ጓንጉል፣ ይህን ሁሉ ካሳዩ ግብሩ እንደሚጨምር ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ይጣሉብኝ!» አለ ጓንጉል። «ለለቅሶ ሳዋጣ አላለቀስኩ፣ ለሰርግ ሳዋጣ አልተደበቅኩ። ለውሃዬ ሲሆን ምን ሆኜ ነው አልጋ ሥር የምገባው? ይጣሉብኝ እንጂ፣ በልኬ ይጣሉብኝ!»

ባሻ ይመኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አሉ አባቶች።»

ጨው ሻጩ መሬት መሬት ሲያይ ቆይቶ ድንገት ቀና አለ። «እኔም አለኝ! ጨዌ ገለባ ክምር ውስጥ ነው!» ጨርቅ ሻጩም «እኔም አለኝ! ጣራ ላይ ነው!» አለ። ሰሃን ሻጯም «እኔም አለኝ፣ የዶሮ ቤት ውስጥ ነው፣ ዶሮዎቹ ካልሰበሩት!» አለች። መደበቅን ከጓንጉል የተማረ ገበያ ማውጣትንም ከጓንጉል ተማረ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ሁሉም የየድርሻውን ሲያነሣ ማንም ወገቡ አልጎበጠም።

ከዚያማ ማን ይያዘው! ጆንያው ወጣ፣ መደርደሪያው ዕቃ አሳየ፣ ሰብሳቢዋ ሣጥን ሞላች፣ ሣጥኑ ጎማ ገዛ። ጎማውን ከማን ገዛ? ከጓንጉል! ጅብ ጉድጓድ የገባው ፍየል ግልገል አስከትሎ ተመለሰ። መፍቻው ቧንቧ አጠበቀ፣ ቧንቧው ውሃ አሳለፈ፣ አህያዋ ብቻ ተከፋች። ቦኖው መጀመሪያ ፊሽ አለ፣ ቀጥሎ አሳለ፣ ቀጥሎ ዝገቱን ተፋ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ውሃ ዷ አድርጎ አወረደ!

ተሰልፈው የነበሩት ሁሉ ጄሪካናቸውን ወደ ጎን አደረጉ። «አራስ ያለችበት ይቅደም! ጓንጉል ይቅደም!» ጓንጉል ሞላ፣ ተሸከመ፣ እየተረጨ ሮጠ። ድስቱ ተንተከተከ፣ ገንፎው ተገነፋ፣ መሃሉ ላይ ቅቤና በርበሬው ፈሰሰበት፣ ታንጉት ቀመሰች። እልልታው ዳገቱን አልፎ ተሰማ።

በሩም ተከፈተ።

ጓንጉል ገባ። ታንጉት ጉንጯ በገንፎ ሞልቶ ፈገግ አለችለት። ልጁን አቀበለችው፤ እሱም እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ በዋንዛ በር ሌላ ጠብ ተነሣ። ዱሮ ማን የበለጠ ደበቀ ነበር ፉክክሩ፤ አሁን ማን የበለጠ ከፈለ ሆነ። ማለዳ ማለዳ ጓንጉል ቦኖው ጋ ይቆምና የሚቀዳውን ሁሉ «ጠጡ፣ ጠጡ! ይህች የኔ ናት» ይላል። ጨው ሻጩ «ያንተዋ ጠብታ ናት፣ ወፍራሟ የኔ ናት» ይለዋል። ሰሃን ሻጯ ሁለቱንም «ዞር በሉ፣ የኔን ውሃ ልቅዳበት!» ትላቸዋለች። እነሱ ሲከራከሩ የጓንጉል ልጅ፣ ቆማ መሄድ የጀመረች ዕለት፣ በእግራቸው መሃል ሾልካ ትንሽ አፏን ቦኖው ሥር ደቀነች። ጠጣች፣ ጠገበች፣ ፊቷን ታጥባ ሄደች። የማንኛቸውን ውሃ እንደጠጣች ግን እስከ ዛሬ የለየ የለም።

ተረቴም ፈስሳ ፈስሳ እዚህ ደረሰች። አፌን በዳቦ ሳይሆን በገንፎ አብሱልኝ፤ ቅቤ ቢኖረውም አልቆጣም።